ዓባይን በጎማ ጀልባ የወረዱት መሐንዲስ

ክረምት ሲገባ በኮልፌ ቀራኒዮ የሚኖር ወላጅ ሁሉ በልቡ የሚይዘው አንድ ስጋት አለ፤ ወንዝ። በጋውን ሙሉ ትንሹ አቃቂና ወደ እሱ የሚገቡት ጅረቶች ጠቁረውና ቀጥነው፣ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፋቸው ናቸው። ሐምሌ ላይ ግን ወጨጫ ተራራ ላይ አንድ ሰዓት ከዘነበ፣ እዚህ ታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ያ ቀጭን ጅረት ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ልጆች ሰፈር ውስጥ ናቸው፤ ኳሷ ደግሞ ሁልጊዜ የምትንከባለለው ወደ ወንዙ ነው። እኛ ወላጆች ያለን መፍትሔ አንድ ይመስላል፤ በር መዝጋት፣ ቴሌቪዥን መክፈት፣ ስልክ ማቀበል።

እኔም የዚሁ ክፍለ ከተማ ነዋሪና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በሩን መዝጋት ለአንድ ክረምት ይሠራ ይሆናል። ግን ልጅ ወንዝ ሳያይ፣ ዳገት ሳይወጣ፣ ዝናብ ሳይመታው አድጎ ነገ ከቤት ሲወጣ ምን ይሆናል? ፈሪ እንዳይሆን እንፈልጋለን፤ ደፋር ሆኖ እንዳይጎዳም እንፈራለን። በዚህ ጥያቄ መሃል ሳለሁ ደጋግሜ የማስበው አንድ ሰው አለ። ሰውየው እንግሊዛዊ ናቸው፤ ስማቸው የተጠራው ግን በእኛው ወንዝ፣ በዓባይ ነው። ወታደር፣ መሐንዲስና የዱር መንገደኛ የሆኑት ኮሎኔል ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል ይባላሉ። የሳቸው ታሪክ የጀግንነት ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ገጽ ባልመረጥሁት ነበር። በውስጡ የአንድ ወጣት ሞት አለ፤ ከዚያ ሞት በኋላ ሰውየው በቀሪ ዕድሜያቸው የሠሩት ሥራም አለ። ለወላጅና ለአያት የሚጠቅመው ይሄኛው ነው።

የቄስ ልጅ፣ የመሐንዲስ መኮንን

ብላሽፎርድ-ስኔል የተወለዱት በ1929 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እንግሊዝ አገር ሄርፎርድ ከተማ ነው። አባታቸው ቄስ ነበሩ። ልጁ የተማሩት በጀርሲ ደሴት ሲሆን፣ ከዚያ ሳንድኸርስት ከተባለው ዕውቅ የጦር ትምህርት ቤት ገብተው እ.ኤ.አ. በ1957 የንጉሣዊው መሐንዲስ ጦር መኮንን ሆኑ። በወጣትነታቸው ቆጵሮስ ላይ አገልግለዋል።

መሐንዲስ ጦር ሲባል ብዙዎቻችን ፈንጂ ብቻ ትዝ ይለናል። በእርግጥ ፈንጂ መቅበርም ማምከንም ሥራው ነው። ከዚያ በላይ ግን ጦሩ እንዲያልፍ መንገድ የሚጠርገው፣ በአንድ ሌሊት ድልድይ የሚዘረጋው፣ ሠራዊቱን ከነመሣሪያው ወንዝ የሚያሻግረው፣ ውሃ ቆፍሮ የሚያወጣው እሱ ነው። የእግረኛ ወታደር ወንዝ ሲያይ "እንዴት እዋጋለሁ?" ብሎ ያስባል፤ መሐንዲሱ ግን መጀመሪያ ስፋቱን ይለካል፣ ፍጥነቱን ይገምታል፣ የዳሩን አፈር ይረግጣል። ኮሎኔሉ ሕይወታቸውን ሙሉ በረሃና ጫካ ሲያቋርጡ ያልተለያቸው ይህ ልማድ ነው፤ ከመግባት በፊት መለካት።

በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በኛ አቆጣጠር፣ ሳንድኸርስት ውስጥ ወጣት ዕጩ መኮንኖችን ለጀብዱ ጉዞ የሚያዘጋጁ መኮንን ሆነው ተመደቡ። ሥራቸው ወጣቶችን ወደማያውቁት አገር ወስዶ በሰላም መመለስ ነበር። ከነዚህ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ማንም በጀልባ አሳምሮ ያልወረደው አንድ ወንዝ ነበር።

ማንም ያልወረደው ወንዝ

ዓባይን ሁላችንም በዘፈን እናውቀዋለን። በእግር የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከጣና ወጥቶ ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል፤ ከዚያ ጎጃምን በግማሽ ክብ እየዞረ፣ በአንዳንድ ቦታ 1,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ሸለቆ ውስጥ እየተምዘገዘገ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ከላይ ደጋ ነው፤ ገብስና ጤፍ ይበቅላል። ከታች ቆላ ነው፤ ወባ፣ አዞና ጉማሬ አለ። ሁለቱን የሚያገናኙት ገበሬውና በቅሎው የሚያውቋቸው ቀጫጭን ቁልቁለቶች ናቸው።

ወንዙን በጀልባ ለመውረድ የሞከሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት ለዚሁ ሥራ የተሠሩ የብረት ጀልባዎች አስመጥቶ ወንዙ ላይ ጣለ። ጀልባዎቹ ብዙም ሳይሄዱ ከድንጋይ ጋር ተላትመው ቀሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እሱም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የዘመተ ወታደር፣ ወፍና አውሬ የሚያጠና ሰው ነበር። ዳንግላ ላይ ቆንስል ሆኖ በተቀመጠበት ጊዜ ውሃውን ትቶ በቅሎውን ጭኖ፣ ከገደሉ አፋፍ አፋፉን እየሄደ ካርታ አነሳ፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አወጣ። በ1954 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ስዊሶችና ፈረንሳዮች በትናንሽ ታንኳ ሞክረው፣ ካረፉበት ቦታ ሽፍቶች ተኩሰውባቸው ሁለቱ ተገደሉ። ስዊድናዊው አርነ ሩቢንም እ.ኤ.አ. በ1965 ከወንዙ የተወሰነውን ክፍል ብቻውን በቀጭን ታንኳ ቀዝፏል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓባይ ተጠንቶ እንዲታወቅ ይፈልጉ ነበር። ጥሪው ለብላሽፎርድ-ስኔል ቀረበ። እሳቸውም በ1960 ዓ.ም. ነሐሴ 60 ያህል ወታደሮችና ሳይንቲስቶች ይዘው መጡ። ከመካከላቸው የእንስሳትና የዕፅዋት ተመራማሪዎች፣ የጥንት ቅርስ አጥኚዎች፣ ሐኪሞችም ነበሩ። ወጪውን ከረዱት አንዱ ዴይሊ ቴሌግራፍ የተባለው የለንደን ጋዜጣ ነው። በሰማይ ደግሞ ቢቨር የምትባል ትንሽ የጦር አውሮፕላን መንገድ እያየች፣ ስንቅ እየጣለች ትከተላቸው ነበር።

ለምን በክረምት? ለምን በጎማ?

እዚህ ላይ ለልጆቻችሁ የምትነግሩት ደስ የሚል የምሕንድስና ነገር አለ። እኔ ለልጆቼ ስነግር መጀመሪያ የጠየቁኝ "ወንዙ በሞላበት ወር ለምን ገቡ? አላበዱም?" የሚል ነበር።

አላበዱም። በበጋ የዓባይ ውሃ ይቀንስና ድንጋዮቹ ጥርሳቸውን ያወጣሉ፤ ሞተር ያለው ጀልባ በድንጋዮቹ መሃል መተላለፊያ አያገኝም። በክረምት ውሃው ከፍ ሲል ብዙው ድንጋይ ከሥር ይቀራል። ጉዳቱ ግን የውሃው ጉልበት ነው፤ በክረምት ዓባይ የሚይዘው ውሃ ከበጋው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ መሐንዲሱ ወንዙን ለሁለት ከፈሉት። ከሸፈርታክ ድልድይ፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ከምናቋርጠው በረሃ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ያለውን ሰፊውን ክፍል ጠፍጣፋ በሆኑ ባለሞተር የጦር ጀልባዎች ወረዱት። ከጣና ወደ ሸፈርታክ ያለውን፣ ጠባቡንና ፏፏቴ የሚበዛበትን ክፍል ደግሞ በአየር በተነፉ የጎማ ጀልባዎች ሞከሩት።

የጎማው ጀልባ ብልሃቱ ቀላል ነው። የብረት ወይም የእንጨት ጀልባ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ አንዱ መሸነፍ አለበት፤ ድንጋይ ደግሞ አይሸነፍም። ጎማ ግን ይጎብጣል፤ ተጋጭቶ ይነጥራል። በውስጡ ያለው አየር በየክፍሉ የተለያየ ስለሆነ አንዱ ቢበሳ ሌላው ያንሳፍፈዋል። ውሃ ቢሞላበትም አይሰጥምም። ማክሚላን በብረት የተሸነፈበትን ወንዝ እነዚህ በጎማ ተጠጉት። ዛሬ በብዙ አገር ሰዎች ለመዝናናት በጎማ ጀልባ አረፋ ወንዝ የሚወርዱበት ስፖርት ሲነሳ፣ ይህ የዓባይ ጉዞ ከመነሻዎቹ አንዱ ተደርጎ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው።

ይህን ስል ወንዙን አሸነፉት ማለቴ አይደለም። በላይኛው ሸለቆ ብዙ ቦታ ጀልባው ሰው ሳይኖርበት በገመድ እየተያዘ ወርዷል፤ ሌላ ቦታ በትከሻ ተሸክመውት ገደል ዞረዋል። ጀልባ ተገልብጧል። በኋላ የኤቨረስት ጉዞዎችን በመምራት ዓለም ያወቀው ተራራ ወጪ ክሪስ ቦኒንግተን የጋዜጣው ፎቶ አንሺ ሆኖ አብሮ ነበር፤ ዓባይ ውስጥ ወድቆ ለጥቂት ነው የተረፈው። "እዚህ አንገባም፣ እንሸከመው" ብሎ መወሰን እንደ ፈሪነት አልተቆጠረባቸውም፤ የሙያው አካል ነበር። ይህን ለልጅ ማስተማር ከባድ ነው፤ ለእኛ ለትልልቆቹም ከባድ ነው።

አስር አለቃ ማክሎይድ

አስር አለቃ ኢያን ማክሎይድ ስኮትላንዳዊ ወታደር ነበር። በቡድኑ ውስጥ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሞተው ግን በትልቁ ዓባይ ፏፏቴ ላይ አልነበረም። ጀልባዎቹን በእግር ከዳር የሚያግዘው ቡድን ወደ ዓባይ የሚገባ አንድ ገባር ወንዝ ማቋረጥ ነበረበት። ገባሩ ክረምት ስለነበር ሞልቷል። ማክሎይድ ለጓደኞቹ መሻገሪያ ገመድ ለመዘርጋት፣ ገመዱን ከራሱ ጋር አያይዞ እየዋኘ ገባ። መሃል ላይ ወንዙ በረታበት። ገመዱ ሲወጠር ውሃው ወደ ታች ጫነው፤ ገመዱ ሲለቀቅ ደግሞ ይዞት ሄደ። ጓደኞቹ ዳር ቆመው ነበር።

ይህን ክፍል ባሰብሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ከወንዙ ሁሉ አስፈሪው ተብሎ የተፈራው ዓባይ ነው፤ ዝግጅቱ ሁሉ ለሱ ነው። ሰው የወሰደው ግን ስሙን እንኳ ብዙ ሰው የማያውቀው ገባር ነው። እኛም እንደዚሁ ነን። ልጆቻችንን ላንጋኖና ሐዋሳ ስንወስድ ዓይናችን አይለያቸውም፤ ከቤታችን 100 ሜትር ያለውን ጅረት ግን እንንቀዋለን። አያቶቻችን ለመሠሪ ሰው "እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው" ሲሉ፣ ስለ ውሃው ጠባይ መናገራቸውን አንርሳ።

ዛሬ ፈጣን ውሃ ውስጥ ሰው የሚያድኑ ባለሙያዎች ከሚማሯቸው የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ ይህ ነው፤ በሚፈስ ውሃ ውስጥ የሚገባን ሰው በራሱ እጅ ወዲያው ሊፈታው በማይችል ገመድ አትሰር። ገመዱ ሲወጠር ሰውየውን እንደ መልሕቅ ከአንድ ቦታ ይይዘዋል፤ ወንዙ ደግሞ በላዩ ላይ ይሄድበታል። የሚያድን የመሰለን ነገር የሚያሰጥም ይሆናል።

ጉዞው አላቆመም። አዲሱ ዓመት 1961 የባተው እነሱ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ሳሉ ነው። በመጨረሻው ግድም ደግሞ ሽፍቶች ከገደሉ አፋፍ ድንጋይ ለቀቁባቸው፣ ተኮሱባቸው፤ በሌሊትም ሰፈራቸውን ወረሩ። ቡድኑ በጨለማ ጀልባው ላይ ዘሎ ወጥቶ በማያየው ውሃ ላይ ራሱን ለቀቀ። ከዚያ ሌሊት ሁሉም በሕይወት ወጡ። አዲስ አበባ ሲመለሱ ቡድኑ ስለ ሸለቆው እንስሳትና ዕፅዋት፣ ስለ ጥንት ቤተ ክርስቲያኖችና ፍርስራሾች ብዙ ማስረጃ ይዞ ነበር። ያ ዓመት ለእኛም የማይረሳ ሆነ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላው የቀድሞ ዘማች፣ የኮሪያው ማሞ ወልዴ፣ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን አሸነፈ።

ከዓባይ በኋላ የመጣው ሥራ

ሻምበሉ ከዚህ በኋላ ቢያርፉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ከጓደኞቻቸው ጋር ለሳይንስ የሚጓዙ ሰዎችን የሚያሰባስብ ማኅበር አቋቋሙ። በ1972 ደግሞ፣ አሁንም እ.ኤ.አ.፣ ከአላስካ እስከ አርጀንቲና ጫፍ በመኪና ለመድረስ በታሰበ ጉዞ ላይ፣ መንገድ የሌለውን የፓናማና የኮሎምቢያ ጫካ ሬንጅ ሮቨር መኪኖችን እየጎተቱ፣ በጎማ ታንኳ እያሻገሩ በ100 ቀን ገደማ አለፉት። ከዚያም የዛየርን ወንዝ ወረዱ፤ በዚያ ጉዞ ሐኪሞች በወንዝ ዳር ዝንብ የሚተላለፈውን፣ በአገራችንም ቆላማ ወንዞች ዳር የሚታወቀውን ዓይን የሚያሳውር በሽታ አጥንተዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ለዚህ ገጽ አንባቢ የሚጠቅመው ቀጣዩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ኮሎኔሉ ወጣቶችን ለመያዝ ተነሱ። መጀመሪያ ኦፕሬሽን ድሬክ፣ ቀጥሎ በ1984 ኦፕሬሽን ራሌይ የተባሉ ጉዞዎችን አቋቋሙ። ከ17 እስከ 24 ዓመት የሆናቸውን ወጣቶች ከየአገሩ ሰብስበው፣ ሀብታሙን ከድሃው ልጅ ጋር ቀላቅለው፣ ሩቅ አገር ወስደው ድልድይ እንዲሠሩ፣ ውሃ እንዲያወጡ፣ ትምህርት ቤት እንዲጠግኑ፣ ዛፍና አውሬ እንዲቆጥሩ አደረጉ። በዚህ መንገድ ያለፉት ወጣቶች ከጊዜ በኋላ በአሥር ሺዎች ተቆጠሩ። ኮሎኔሉ በጦሩ ውስጥ 37 ዓመት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጉዞውን ግን አልተዉትም። በ60ዎቹ ዕድሜያቸው ጫካ ውስጥ ለሚኖሩ የጉያና ሰዎች፣ ስለለመኗቸው ብቻ፣ አንድ ትልቅ ፒያኖ በአውሮፕላን፣ በታንኳና በሰው ጉልበት አድርሰዋል። አያት የሆናችሁ አንባቢያን፣ "ዕድሜዬ አልፏል" ስትሉ ይቺን ፒያኖ አስቡ።

ወጣት ወታደር በውሃ ያጣ መሪ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ ወጣትን ከወንዝ ማራቅ ነው። ሌላው ወጣት ወንዝን እንዲያውቀው ማስተማር ነው። እሳቸው ሁለተኛውን መረጡ። ምርጫቸው ትክክል ነው ብዬ የማምነው፣ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ከወንዝ ሊርቅ ስለማይችል ነው፤ አንድ ቀን እኛ በሌለንበት ከዳሩ መቆሙ አይቀርም።

እኛ ኮልፌዎች

"እነሱ አውሮፕላንና ጎማ ጀልባ አላቸው፤ እኛ ምን አለን?" የሚል አይጠፋም። እኛ ተራራ አለን። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ፣ የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ውስጥ ወታደራዊ ትምህርት ሲወስዱ፣ ተኩስና ፈንጂ ብቻ አልነበረም የተማሩት። መሣሪያ፣ ጥይትና ውሃ ተሸክመው በዚህ ዙሪያ ባለው ዳገትና ቁልቁለት ረጅም የእግር ጉዞ ያደርጉ ነበር፤ ያዩትን መልክዓ ምድር ውበት በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው አንስተውታል። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ወደ አገራቸው ሲጠሩ፣ ያሠለጥኗቸው የነበሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥ ከነጥይቱ ሰጥተው ሸኝተዋቸዋል። ማንዴላ ትንፋሻቸው እስኪቆራረጥ የወጡትን ዳገት የኛ ልጆች ከመስኮት ብቻ ነው የሚያውቁት።

ሌላም ሀብት አለን፤ ሽማግሌዎቻችን። ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል ጀምሮ እስከ ኤየር ጤናና ቤቴል በየመንደሩ የቀድሞ ወታደር አለ። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መለዮአቸውን አውልቀው ኑሮን እንደገና ጀምረዋል። በመሐንዲስ ክፍል የነበረው ግንበኛ፣ በታንክ ክፍል የነበረው መካኒክ፣ በመገናኛ የነበረው ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኗል። ስለ ጦርነቱ መናገር ያልፈለጉ ብዙ ናቸው፤ አናስገድዳቸውም። ግን ገመድ እንዴት እንደሚቋጠር፣ ሌሊት በኮከብ አቅጣጫ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ወንዝ የት ላይ እንደሚሻገሩት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንድ የልጅ ልጅ ይህን ከስልክ አይማረውም፤ ከአያቱ ግን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይማረዋል።

ለወላጅና ለአያት፤ ዛሬውኑ የሚሠራ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ወደ ቤታችን የምንወስደው ምን አለ? እኔ ከልጆቼ ጋር የምሠራበትን እነሆ።

አንደኛ፣ የሚፈስ ውሃን በጥልቀቱ ብቻ አትመዝኑት። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ አዋቂን ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። ጎርፍ መንገዱን ካለበሰው ልጅ ይዞ መሻገር የለም፤ ሚኒባሱ ቢቸኩል እንኳ ወርዶ መጠበቅ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ወንዙ ሲመጣ ምልክት ይሰጣል። ውሃው ድንገት ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፣ ከላይ ጉምጉምታ ይሰማል። እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ወጨጫ ከጠቆረ ልጆች ከወንዙ ዳር ይነሱ። ይህን እኛ የምናውቀውን ያህል ልጆቹ እንዲያውቁት በቃል እናስጠናቸው።

ሦስተኛ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ዘሎ መግባት የመጨረሻው ነገር ነው። መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ ረጅም እንጨት ማቀበል፣ ካልደረሰ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ከገመድ ጋር አስሮ መወርወር። ጀሪካኑ ያንሳፍፈዋል። ገመዱን ግን በራስ ወገብ ወይም በእጅ ላይ መጠምጠም አይገባም፤ ማክሎይድን አስቡ። የወደቀው ልጅ ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደሚፈስበት አቅጣጫ አስቀድሞ፣ ድንጋዩን በእግሩ እየገፋ ወደ ዳር መጠጋትን ይማር።

አራተኛ፣ ልጆቹን አውጧቸው። ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም በኋላ፣ ቀኑን ሙሉ የሚበቃ ቦታ በዙሪያችን አለ። የእንጦጦ ፓርክና የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቅርብ ናቸው። ራቅ ካለ ደግሞ በወጨጫ ጀርባ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጽድ አስተክለውበታል የሚባለው ጥንታዊ ደን ሲሆን፣ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይታይበታል። ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ቤት ለቀረ ሰው ንገሩ፤ ውሃ፣ ቆሎና ተጨማሪ ሹራብ ያዙ። መንገዱን ልጁ ይምራ፤ እናንተ ከኋላ ሁኑ።

አምስተኛ፣ "እንመለስ" ማለትን አስተምሩ። የኔ ትልቁ ልጅ ባለፈው በጋ አንድ ገደል ጫፍ ደርሶ "አባዬ፣ ይሄ ይከብደኛል፣ በሌላ እንዙር" አለኝ። ታናሹ ሊስቅበት ሲል ጀልባውን በትከሻ ተሸክመው ገደል ስለዞሩት መሐንዲሶች ነገርሁት። ሳቁን ዋጠው።

ዛሬ የዓባይ ታሪክ ተለውጧል። ያኔ ጎማ ጀልባ ያንገላታ የነበረው ወንዝ ጉባ ላይ 145 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ቆሞ ከጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ ሥራ ላይ ነው። ግድቡን የሠሩት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና ሠራተኞች አብዛኞቹ በልጅነታቸው የመንደራቸውን ጅረት እየተሻገሩ ያደጉ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ቀጣዩን ድልድይ የሚሠራው ልጅ አሁን ከእኛ ቤት ውስጥ፣ ከተዘጋ በር ኋላ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ወንዙን ሳይንቀውም ሳይሸሸውም እንዲያውቀው የማድረጉ ሥራ የእኛ የወላጆችና የአያቶች ነው።

መልካም ሰንበት፤ ክረምቱንም በሰላም ያሻግረን።